«ጆሮ ጠቢ ልትሆኚ ነው?»፦ የስልክ ቀረጻ ሥራ ለቀረበላት እህት

ከአዳማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት እናትሽ ያሉት ስላሳቀኝ ነው።

ለሌላው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እህታችን ባለፈው ዓመት በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተመርቃለች። ስምንት ወር ሥራ ፈልጋለች። አሁን አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቷታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ በአምስት ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። ስልኮቹ ሁሉ በኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ድርጅቱ የሚፈልገው፣ የትኛውም ቅርንጫፍ ያለ ሠራተኛ በጥሪ መሃል አንድ ቁልፍ ሲነካ ያ ጥሪ እንዲቀዳ የሚያደርግና ሥርዓቱን የሚከታተል ሰው ነው። ጓደኞቿ «ስልክ ያለፈበት ነገር ነው፣ የፕሮግራመር ሥራ ብትጠብቂ ይሻልሻል» ይሏታል። እናቷ ደግሞ «አምስት ዓመት የተማርሽው ጆሮ ጠቢ ልትሆኚ ነው?» አሏት። እሷ የምትጠይቀኝ ልግባበት ወይ፣ ከገባሁስ ወዴት ያደርሰኛል፣ ማክሰኞስ ምን ይዤ ልቅረብ ብላ ነው።

ግቢበት። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ እናትሽ ጋ ስንደርስ እነግርሻለሁ።

ከጓደኞችሽ ልጀምር፣ እነሱ ይቀላሉ። ዛሬ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ጥሪ የሚያስነሳውና የሚዘጋው ሲፕ የሚባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም መሣሪያዎች የሚግባቡበት ደንብ ነው። ድምፁን የሚያጓጉዘው አርቲፒ ነው። በብዛት የሚሠራበት ጂ 711 የሚባለው አሠራር ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። የለካውን በ20 ሚሊ ሰከንድ እየቆራረጠ፣ በሰከንድ 50 ፓኬት፣ ማለትም ትንንሽ የዳታ እሽግ፣ አድርጎ ይልካል። ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ ኔትወርክ አለ፣ ሊኑክስ አለ፣ ዳታቤዝ አለ፣ ኮድም አለ። ያለፈበት የሚሉት ምኑን እንደሆነ እኔ አልገባኝም።

አሁን ወደ ሥራው ልብ እንግባ። አብዛኛው ሰው «ጥሪ መቅዳት» ሲባል ሰርቨሩ ላይ አንድ ነገር ማብራት ይመስለዋል። ጥሪው በሰርቨሩ በኩል ያልፋል ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜ አያልፍም! ሰርቨሩ እንደ ደላላ ነው። ሁለቱን ስልኮች ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ገለል ይላል። ወሬው በቀጥታ በሁለቱ መካከል ነው። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ቢነጋገሩ አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር መደዋወላቸውን ያውቃል፣ የተባለውን ግን አይሰማም። ታዲያ ያልሰማውን እንዴት ይቅዳው?

መውጫው ሦስት አራት ዓይነት ነው። ድምፁ በግድ በሰርቨሩ በኩል እንዲያልፍ ታደርጊያለሽ። ወይም ስልኩ ራሱ የድምፁን ግልባጭ ወደ መቅጃው እንዲልክ ታዝዢዋለሽ፤ ይህን የሚችሉ ስልኮች አሉ። ወይም ስልኮቹ በሽቦ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ስዊቹ ላይ፣ በአንዱ ወደብ የሚያልፈውን ሁሉ ግልባጩን ወደ ሌላ ወደብ ታንጸባርቂያለሽ። ቅርንጫፉ በር ላይ የጥሪ ድንበር ጠባቂ መሣሪያ ካለ ደግሞ ሲፕሬክ በሚባለው መንገድ እሱ ግልባጩን ይልክልሻል። ሲፕሬክ በ2016 እ.ኤ.አ. መደበኛ ሆኖ የወጣ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው እንደ ኔትወርኩ ነው። አንድ መልስ ይዞ የሚመጣ ሰው ካየሽ ሻጭ ነው።

እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በዚህ ላይ ሠርቻለሁ። የድርጅቱን ስም ልተወው። አንድ ቀን የደንበኛ አቤቱታ መጣ፣ ሠራተኛዋም ቁልፉን ነክታ ቀድታው ነበር። አለቆች ተሰብስበው ፋይሉ ተከፈተ። የሚሰማው የሠራተኛዋ ድምፅ ብቻ ነው። «እሺ… እሺ… ገባኝ… ይቅርታ…» ትላለች። ደንበኛው የለም። ለካ የሚመጣው ድምፅ በአንድ ስዊች፣ የሚሄደው በሌላ ስዊች ነበር የሚያልፈው። እኛ ያንጸባረቅነው አንዱን ብቻ ነው። ለወራት ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስለን ነበር፣ ምክንያቱም ፋይሉ በየጊዜው ይፈጠራል፣ መጠኑም ይጨምራል። ከፍቶ ያዳመጠ ግን አልነበረም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እዚያ ቀን ነው የገባኝ።

ቀጥሎ ቁልፉ። «ሲፈለግ መቅዳት» ቀላል ይመስላል። ሠራተኛዋ ስልኩ ላይ ኮከብ ምልክትና 1 ትነካለች፣ ቀረጻ ይጀምራል። አስተሪስክ የሚባለው ነጻ የስልክ ሰርቨር ሶፍትዌር ይህን ከቆየ ጀምሮ ይችላል። ግን ሰው ቁልፉን መቼ ነው የሚነካው? ደንበኛው ከተሳደበ በኋላ ነው። ወይም ትልቁ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ። ዋናው ነገር አልፏል። ስለዚህ ብዙ ሥርዓቶች ጥሪውን ከመጀመሪያው ጀምረው በጊዜያዊ ማኅደር ይይዙታል። ቁልፉ ከተነካ ይቀመጣል፣ ካልተነካ ጥሪው ሲያልቅ ይጠፋል። ብልህ አሠራር ነው። ግን ልብ በይ፦ እንዲህ ከሆነ ሁሉም ጥሪ ይቀዳል ማለት ነው። «የምንቀዳው ሲያስፈልግ ብቻ ነው» የሚለው ንግግር ግማሽ እውነት ይሆናል። ይህን ያዢው፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ደግሞ ቦታ አለ። የተቀዳው የት ይቀመጥ? አለቆች «ሁሉንም አዲስ አበባ አምጡልኝ» ይላሉ። እስኪ እናስላ። ጂ 711 ከነማሸጊያው በአንድ አቅጣጫ 87 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል። 20 ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ከቅርንጫፉ እየተገለበጡ ቢላኩ፣ ሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ 3.5 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። ይህ ለግልባጩ ብቻ ነው። የቅርንጫፉ መስመር 4 ሜጋ ቢት ቢሆን ቀረጻው ራሱ ጥሪውን ያንቀዋል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን ይቀመጥና እዚያ ይቀዳል፣ ሌሊት ወደ ማዕከል ይላካል። የአንድ ሰዓት ጥሪ ሁለቱም ወገን ሳይጨመቅ 57.6 ሜጋ ባይት ነው፣ ለዲስክ ብዙ አይደለም። ከዲስክ ይልቅ የሚያሳስበኝ መብራት ነው። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ፣ ጠይቂ።

ቅርንጫፍ ላይ የመቅዳት ሌላ ጥቅም አለው፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ረጅም መስመር ላይ ፓኬት ይጠፋል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ላይ የተቀዳው የተባለው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተቀዳው መንገድ ላይ ከጠፋው የተረፈው ነው። ክርክር ሲመጣ «አልቀበልም» ከሚለው ውስጥ «አል» ብትጠፋ ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው።

ሰዓት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ደንበኛ ደውሎ «መስከረም 12 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያነጋገረችኝ ልጅ» ይላል። ተቆጣጣሪው 8:00 ብሎ ይፈልጋል፣ ምንም የለም። ፋይሉ ያለው 14:00 ላይ ነው። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 11:00 ላይ ነው። ቀኑም ሴፕቴምበር 22 ነው። የአምስቱ ቅርንጫፍ ሰዓቶች እርስ በርስ ካልተናበቡ ደግሞ ተይው። ሰዓቶቹን ከአንድ ምንጭ ማናበብ፣ በፍለጋው ገጽ ላይ የኛን ቀንና ሰዓት ማስገባት፣ እነዚህ ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። የውጭ ሶፍትዌር ግን ይዟቸው አይመጣም። ማክሰኞ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታነሺ ጠያቂዎችሽ ቀና ብለው ያዩሻል።

አሁን እናትሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጓደኞችሽ ይልቅ እሳቸው ናቸው ነገሩን ያገኙት። በዚህ አገር ስልክ ላይ «ይህን በአካል እናወራዋለን» ብሎ ያልዘጋ ሰው የለም። ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። ድርጅት የራሱን የደንበኞች መስመር ቢቀዳና «ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀዳል» ብሎ ቢናገር ይህ ሥራ ነው። ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ሆኖ የጸሐፊዋን የግል ወሬ ቢቀዳ ግን እናትሽ ልክ ናቸው። መሣሪያው አንድ ነው፣ ሽቦውም አንድ ነው። የሚለየው ማን ቁልፉን ይነካል፣ ማን ያውቃል፣ ማን ያዳምጣል የሚለው ነው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ ሕገ ወጥ ጠለፋን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ገና አዲስ ነው። የሰው ድምፅ ከነስልክ ቁጥሩ የግል ዳታ ነው። ሁሉንም በቃልሽ አጥኚ አልልሽም። የመጨረሻውን ግን ከማክሰኞ በፊት አንድ ጊዜ አንብቢው፣ አብዛኛው የአይቲ ሰው አላነበበውም።

ኔትወርኩ ሲሰፋ ሕጉም አብሮ ይወሳሰባል። የዲሲ ዘመዶችሽን ጠይቂ። ሜሪላንድ ውስጥ ጥሪ ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ስትገቢ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው አሌክሳንድሪያ ቢሮ ቢደውል የትኛው ነው የሚሠራው? ጥንቃቄ ያለው መሐንዲስ ጠባቡን ሕግ ይከተላል፣ ለሁሉም ያሳውቃል። በተቃራኒው አውሮፓ ውስጥ አለመቅዳት የሚያስጠይቅበት ቦታ አለ። ከጃንዋሪ 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአክሲዮንና መሰል ግብይት የሚሠሩ ድርጅቶች ከትእዛዝ ጋር የተያያዙ ጥሪዎችን ቀድተው አምስት ዓመት ማቆየት አለባቸው። የባንክ ካርድ ቁጥር በስልክ ሲነገር ደግሞ ቀረጻው መቆም አለበት፣ ከካርዱ ጀርባ ያለችው ሚስጥራዊ ቁጥር ከክፍያው በኋላ እንድትቀመጥ አይፈቀድም። ስለዚህ «ሲፈለግ መቅዳት» የሚያውቅ ሰው «ሲፈለግ ማቆም»ንም ማወቅ አለበት።

ቅድመ ሁኔታዬ ይኸው። ማክሰኞ ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ «ጥያቄ አለሽ?» ይሉሻል። አለኝ በያቸው። ደንበኛው መቀዳቱን በምን ያውቃል? ቀረጻውን ማዳመጥ የሚችለው ማን ነው፣ ማን እንዳዳመጠስ ይመዘገባል? ስንት ጊዜ ቆይቶ ይሰረዛል? ከቁልፉ በፊት ያለውም የሚያዝ ከሆነ ይነገራል? «እስካሁን አላሰብንበትም» ካሉሽ ችግር የለም፣ እንዲያውም ሥራ አለሽ ማለት ነው። «ደንበኛው ማወቅ አይጠበቅበትም» ካሉሽ ግን ቦርሳሽን አንሺና ውጪ። ስምንት ወር እንደጠበቅሽ አውቃለሁ፣ ቀላል ነገር እየነገርኩሽ አይደለም። ነገር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠራው ሥርዓቱን የገጠመው ሰው ነው።

የት ያደርሰኛል ላልሽው፣ እንደ አያያዝሽ ነው። ፋይል ፈልጎ ለአለቃ የሚሰጥ ሰው ሆነሽ ከቀረሽ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ነሽ። የፓኬቱን መንገድ የምትከተይ ከሆነ ግን የቮይስ መሐንዲስነት፣ የኔትወርክ ደኅንነት፣ የጥሪ ማዕከል ሥርዓት ዝርጋታ ሁሉ ከዚህ ይወጣሉ። ባንኮች፣ ቴሌኮሞች፣ የታክሲ ጥሪ ድርጅቶች ይህን ሰው ይፈልጋሉ። ከጎን ፓይተንና ኤስኪውኤል ያዢ። ቀረጻ ሺህ ሲሆን በእጅ አይፈለግም። ፕሮግራሚንጉም ያኔ በራሱ ጊዜ ይመጣልሻል፣ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው።

እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን አለሽ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስና አስተሪስክ ጫኚ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። በሁለት ስማርት ስልክ ላይ ሊንፎን የሚባለውን መተግበሪያ አድርጊና በዋይፋይ አደዋውያቸው። በኔትወርክ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፍተሽ ድምፁ በየት በኩል እንደሚያልፍ እዪ። ሊኑክስ ውስጥ ኔተም የሚባል መሣሪያ አለ፣ ሆን ብሎ ፓኬት ይጥላል። ከመቶ አምስቱን ጣዪና ቀረጻው ምን እንደሚመስል አዳምጪ። ያየሽውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ፣ የመንገዱን ሥዕል ጨምሪበት። ከሰርተፍኬት ይልቅ ያች ገጽ ትናገርልሻለች።

አንደኛውን ስልክ ለእናትሽ ስጫቸው። ግን ቁልፉን ከመንካትሽ በፊት «እማ፣ እየቀዳሁሽ ነው» በያቸው።