ቡና ቀማሽ ለመሆን ምላስ ይበቃል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

12ኛ ክፍልን አጠናቀሽ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ከእናትሽ ጋር በለቀማ ሥራ ላይ እንደምትገኚ፣ ቡና ቀማሽ የመሆን ምኞት እንዳለሽ፣ ሆኖም ጉንፋን ይዞሽ በሰነበተበት ወቅት የቡናው ጣዕም ጨርሶ ስለጠፋብሽ «ምላሴ ለዚህ ሙያ አይሆንም» የሚል ሥጋት እንዳደረብሽ ጽፈሽልናል።

ጉንፋኑ የነካው ምላስሽን ሳይሆን አፍንጫሽን ነው። ምላስ ብቻውን የሚለየው ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን፣ ጨዋማውን፣ መራራውን እንዲሁም በሥጋ መረቅ ውስጥ የሚጎላውን፣ ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ ብሎ የሰየመውን ጣዕም ነው። (እያንዳንዱ ጣዕም በምላስ ላይ የየራሱ ክልል አለው የሚለው የትምህርት ቤት ሥዕል ስህተት ነውና እርሺው።) የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና የአበባ ቃና አለው ሲባል ግን የሚሰማን ሽታ ነው፤ ቡናውን ስንውጥ ትነቱ ከአፍ ጀርባ ሽቅብ ወደ አፍንጫ ውስጠኛው ክፍል ይወጣል፤ እዚያም 400 ያህል ዓይነት የሽታ ተቀባዮች ይጠብቁታል። አንድ የሽታ ሞለኪውል በአንድ ጊዜ በርካታ ተቀባዮችን በተለያየ መጠን ስለሚቀሰቅስ አንጎል የሚያነበው የእነርሱን ቅንጅት ነው፤ የተቀባዮቹን ዘረመሎች እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረጉት አሜሪካውያኑ ሳይንቲስቶች ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ቀማሾች ቡናውን ከማንኪያ ድምፅ እያሰሙ የሚስቡትም ፈሳሹ በአፍ ውስጥ ተበትኖ ትነቱ ወደ አፍንጫ እንዲደርስ ነው፤ በቤታችን ነውር የሆነው እዚያ የሥራ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ማሠልጠን ያለብሽ አፍንጫሽን፣ ይበልጡንም ለሽታ ስም የመስጠት ችሎታሽን ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን ሽታ እንኳ ዓይኑ ከተሸፈነ በስሙ ለመጥራት ይቸገራል፤ ይህ ግን በልምምድ የሚሻሻል ነገር ነው። እናትሽ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ጤና አዳም እያፈራረቁ ያሽትቱሽ፤ አንቺም ዓይንሽን ጨፍነሽ ለይተሽ የተሰማሽን በደብተር መዝግቢ። አፍንጫ አንድን ሽታ ሲለምድ ስለሚዘነጋው፣ ቀኑን ሙሉ በመጋዘን ከዋልሽ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ብትለማመጂ ይሻላል። ሽቶና ሲጋራ ከልምምድሽ ይራቁ፤ ሚጥሚጣም የሚያቃጥለው የሕመምና የሙቀት ነርቮችን ስለሆነ ከቅምሻ በፊት አይበላም። ጉንፋኑ ከለቀቀሽ ከሳምንታት በኋላም ማሽተት ካልቻልሽ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ይኖርብሻል።

ለዓለም አቀፍ የቀማሽነት ፈተናም ከወዲሁ ተዘጋጂ። ከፈተናዎቹ አንዱ ሦስት ስኒ ቀርቦ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ሲሆን የተለየውን ማውጣት በመሆኑ ከሁለት መንደር ቡና ገዝተሽ በቤትሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ።

በምግብ ሳይንስ ወይም በግብርና ዲግሪ መያዝ ይጠቅማል፤ እኔ ግን ዲግሪውን እስክታገኚ ድረስ ጊዜ እንድታባክኚ አልመክርሽም። የመጋዘኑን ኃላፊ በናሙና ክፍል ረዳት ሆነሽ ቡና መቁላት፣ መፍጨትና መመዘን እንድትጀምሪ ጠይቂ፤ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ቡና ልዩ ጣዕም ያለው ተብሎ ሲመደብ ባለሙያዎቹ ስለ ምን እንደተከራከሩ የምትሰሚው እዚያ ነው።