የቲቢ ክፍሏን ሲስተር ለዓለም አቀፍ ሽልማት ማጨት፦ ከለጋምቦ ለቀረበው ጥያቄ

አብሽር ወንድሜ፣ ያሰባችሁት ይሆናል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ጥያቄውን ላላያችሁ፦ የጻፈው በደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነው። የቲቢ ክፍሉን ለረጅም ዓመታት የያዘች ነርስ አለቻቸው፤ ዓለም አቀፍ ሽልማት ይገባታል ብለው ተስማምተዋል፤ የድጋፍ ደብዳቤ በማኅተም አዘጋጅተው ጄኔቫ ለዓለም ጤና ድርጅት በኢሜይል ሊልኩ ነው። ከደብዳቤው ጋር ምን እናያይዝ ነው ጥያቄው።

ደብዳቤውን ለጊዜው አቆዩት። ድርጅቱ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በጉባኤው የሚሰጣቸው ሽልማቶች (የሳሳካዋ፣ የዶክተር ሊ ጆንግ-ዉክ መታሰቢያ፣ የኔልሰን ማንዴላ የጤና ማበልጸግ ሽልማትና ሌሎቹም) ጥቆማ የሚቀበሉት ከአባል አገራት የጤና አስተዳደር፣ አለዚያም ከቀድሞ ተሸላሚ ነው። ለእኛ ይህ ማለት ጤና ሚኒስቴር ነው። ከጤና ጣቢያ በቀጥታ የሄደ ኢሜይል ይዘቱ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሉ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያ አዲስ አበባ መሄድ አለበት። ተሸላሚውን የድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ የሚወስነው ጥር ላይ ስለሆነ ጥቆማው ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ በየጠረጴዛው የሚያድርበትን ጊዜ ስትደምሩበት ዓመት ቀድሞ መጀመር ነው። እንደኔ አስተያየት ይህ በር ለአንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ጠባብ ነው። ሳሳካዋ ለግለሰብ 30,000 ዶላር አካባቢ የሚሰጥ ሽልማት ነው፤ የሚፈልገውም አዲስ የሆነና ለሌላው የተረፈ የጤና ልማት ሥራ ነው።

ለነርስ የሚቀርቡ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሜዳልያ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በየሁለት ዓመቱ ይሰጠዋል፣ በአንድ ጊዜ ከ50 አይበልጥም፣ ጥቆማው የሚሄደው በየአገሩ ቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ነው። በአደጋና በጦርነት ጊዜ የታየ ድፍረት ብቻ ሳይሆን በኅብረተሰብ ጤናና በነርስ ትምህርት የተሠራ ፈር ቀዳጅ ሥራም ይታያል። የሚሰጠው ለቀይ መስቀል ንቁ አባላትና አዘውትረው ለሚረዱ፣ ወይም ከማኅበሩ ጋር ትስስር ባለው ተቋም ለሚሠሩ ስለሆነ፣ ሲስተሯ አባል ከሆነች ወይም በበጎ ፈቃድ ሠርታ ከሆነ ደሴ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው የአስተር ጋርዲያንስ የነርሶች ሽልማት ነው፤ 250,000 ዶላር ነው፣ ነርሷ ራሷ ማመልከት ትችላለች። የመጀመሪያዋ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ2022 አና ቃባሌ ዱባ ነበረች፣ ከሞያሌ ማዶ ኬንያ ውስጥ ያለው የማርሳቢት ልጅ። ስለዚህ "እኛን ማን ያየናል" የሚለውን ተዉት።

ራይት ላይቭሊሁድ ለሚባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ደግሞ ማንም ሰው መጠቆም ይችላል፣ ራስን ማጨት ግን ክልክል ነው። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሸለሙት በዚህ ነው። የእነሱን ሥራ የማነሳው ጥሩ ፋይል ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፣ ጋቢ ያነጻል። እሱ ግን ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን ውኃ አወዳደረ፣ ላብራቶሪ አስገባው፣ ውጤቱን ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያረጋግጠው አድርጎ ጻፈው። ምን ታየ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ተለወጠ፤ ሦስቱም አሉ። ሽልማቱ ግን 25 ዓመት ፈጅቷል።

አሁን ወደ ፋይሉ። ከወረዳ የሚወጣ የዕጩ ደብዳቤ አብዛኛው የሚወድቀው ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፦ "ታታሪ፣ ቅን፣ ሥራ ወዳድ፣ ሌት ተቀን ሳትል የምታገለግል።" ለሽኝት ፕሮግራም ያምራል፤ ገምጋሚው ግን ከዚህ ምንም አያገኝም። ሌላው ችግር የሥራ መደቡን ዝርዝር መገልበጥ ነው። ሕሙማን መመዝገብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ሪፖርት መላክ ደመወዝ የምትበላበት ሥራ ነው። ከመደቡ በላይ ያደረገችውን አንድ ነገር ምረጡ። አሥር ነገር ከጻፋችሁ ዘጠኙ አንዱን ይሸፍኑታል።

እንዲህ ይጻፋል፣ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው። በ2008 ከተመዘገቡት 60 የቲቢ ሕሙማን 9ኙ መድኃኒቱን አቋርጠው ጠፍተዋል። አብዛኞቹ የጠፉት ከሁለተኛው ወር በኋላ ነው፤ ሳሉ ሲቀልና አቅም ሲመለስ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ወንዝ ሲሞላ። ሲስተሯ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ የታማሚውን ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማስጠራትና በአካል ማስተዋወቅ ጀመረች፤ የቀሪውን አራት ወር መድኃኒት በጤና ኬላ እንዲወስዱ አደረገች፤ ቀጠሮ ያለፈበትን በሦስት ቀን ውስጥ የሚፈልግ ሰው መደበች። በ2010 ከተመዘገቡት 64 ያቋረጡት 2 ናቸው። በቃ፣ ይህ አንድ አንቀጽ ከሦስት ገጽ ሙገሳ ይበልጣል።

ቁጥሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ፋይል የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ስለሆነ ዘንድሮ የተመዘገበ ሰው ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ ውጤት የሚቆጠረው ከዓመት በፊት ከተመዘገቡት ላይ ነው። የተሳካ ሕክምና ስትሉ የዳኑትንና ጨርሰው የወጡትን ደምራችሁ ለተመዘገቡት በሙሉ ታካፍላላችሁ። የሞቱትን፣ የጠፉትንና ውጤታቸው ያልተገመገመውን ከሥር ካለው ቁጥር አውጥታችሁ መቶ በመቶ ካደረጋችሁት፣ ቲቢ የሚያውቅ ገምጋሚ በአንድ እይታ ይይዘዋል። "አፈጻጸም 112 በመቶ" የሚለውን የሩብ ዓመት ሪፖርታችንንም አትላኩ። ከግምት በታች በታቀደ ቁጥር ላይ እንደመጣ እኛ እናውቃለን፣ የውጭ አንባቢ ግን ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል። ጥሬውን ቁጥር ስጡት።

መዝገቡ ከሌለስ? በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ የስንት ተቋም መዝገብ እንደተዘረፈና እንደተቀደደ ታውቃላችሁ። ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት በኮምፒውተር የሚላክበት ሥርዓት) ከገባ ወዲህ የተላከውን ሪፖርት ከወረዳ ወይም ከዞን ማውጣት ይቻላል። ከዚያ በፊት ላለው፣ ለግምገማ ስብሰባ የተባዛ ሪፖርት ዞን ፋይል ውስጥ አይጠፋም። ዋናው መዝገብ ጠፍቶ ሪፖርቱ ብቻ ከተረፈ ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ አያስቀንስም። የጠፋውን ዓመት በግምት መሙላት ግን ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ይገድለዋል።

ቀጥሎ የእሷ ድርሻ። በዚያው ጊዜ ለአካባቢው ሆስፒታል ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ገብቶለት ነበር? የረድኤት ድርጅት ለቤት ለቤት ክትትል አበል ይከፍል ነበር? ከሆነ እናንተው ቀድማችሁ ጻፉት፣ ከዚያም ያው ማሽንና ያው አበል የደረሰውን የጎረቤት ጤና ጣቢያ ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡ። ልዩነት ካለ ድርሻዋ እሱ ነው። ልዩነት ከሌለ ምናልባት የሚታጨው ቡድኑ ነው፤ ይህም ነውር የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2022 ከሸለሟቸው መካከል ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑት የህንድ የመንደር ጤና ሠራተኞች፣ አሻዎች፣ በጅምላ ይገኙበታል። የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተው ስማቸው ሳይነሳ ከቀረ ደግሞ፣ ገምጋሚ ባያውቀው ሰፈሩ ያውቀዋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ይበቃል፣ ሦስቱም ግን ከአለቃ አይሁን። አንዱ ከናንተ፣ አንዱ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸውን ከምትልክላቸው ሐኪሞች (ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትልክ ከሆነ ከዚያ)፣ አንዱ ከኤክስቴንሽን ባለሙያ ይሁን። እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። አንድ ጸሐፊ ሦስቱንም ጽፎ ማስፈረም የተለመደ ነው፣ ያስታውቃል። በአማርኛ ይጻፉና እንግሊዝኛ የሚችል የጤና ሰው ይተርጉመው፤ በማሽን ብቻ የተተረጎመ "የጤና ኬላ" ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አታያይዙ፤ የታማሚ ስም አለበት፣ ቲቢ ደግሞ ዛሬም ሰው የሚሸማቀቅበት በሽታ ነው። የዳነ ታማሚ ልመስክር ካለ በጽሑፍ ይፍቀድ።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ፋይል የሚመልሱ ነገሮች አሉ። ስሟ በዲፕሎማው፣ በሙያ ፈቃዱና በፓስፖርቱ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ የፓስፖርቱን ያዙና በሁሉም ቦታ እሱን ተጠቀሙ። "የቤተሰብ ስም" በሚለው ሳጥን የአባት ስም ይገባል፣ አንዱ ቅጽ ላይ አባት ሌላው ላይ አያት አይሁን። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር "2016" ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ አንባቢው የእ.ኤ.አ. 2016 አሮጌ ዳታ ይመስለዋል፤ "እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024" ብላችሁ ጻፉ። የማስገቢያው ሰዓት በጄኔቫ እኩለ ሌሊት ከሆነ በእኛ በክረምታቸው ከሌሊቱ 8፣ በበጋቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ኔትወርኩን ስለምታውቁት ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስሟ ኢንተርኔት ላይ አንዴ ከወጣ "ዓለም አቀፍ የጤና መሪ ሆነው ተመርጠዋል፣ ለዋንጫውና ለእራት ግብዣው ይህን ያህል ዶላር ይክፈሉ" የሚል ኢሜይል ይመጣል። እዚህ የጠራኋቸው ሽልማቶች ከዕጩ አንድ ሳንቲም አይጠይቁም። ማን እንደሚዳኝ፣ ባለፉት ዓመታት ማን እንደተሸለመ የማይጽፍ ድረ ገጽ ካያችሁ ዝጉት።

ከሁሉ በፊት ግን እሷን ጠይቋት። ሳይነገራት የታጨች ሰው ገምጋሚ ሲደውልላት "እኔ ምንም አላደረግሁም" ብላ የምትመልስበት አገር ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ ይብሳል።

በጽሑፍህ መጨረሻ ላይ "እስከዚያው ሰርተፊኬት እንሰጣታለን" ብለሃል። ስጡ፣ ግን "ላበረከቱት አስተዋጽኦ" ብሎ የሚጨርስ አይሁን፤ ያቋረጡት ከዚህ ወደዚህ እንደወረዱ ሰርተፊኬቱ ላይ ይጻፍ። ውድ መሆን የለበትም። ፈንጣጣ ከዓለም ሲጠፋ የዘመቻው መሪ ዲ. ኤ. ሄንደርሰን ለሠራተኞቹ የሰጠው ምልክት ያው ክትባቱ የተሰጠበት ጫፉ ለሁለት የተከፈለ መርፌ ነበር፤ ዜሮ እንዲመስል ተጠምዝዞ ደረት ላይ የሚሰካ። ትርጉሙ ዜሮ ፈንጣጣ ነው። በእኛ አገር የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1976 ኦጋዴን ውስጥ ነው።

ከሰርተፊኬቱ ይልቅ የሚጠቅማት ግን ያንን መድኃኒት አቋራጮችን የመቀነስ ሥራ በአጭር ጽሑፍ፣ ስሟን ከፊት አድርጋችሁ፣ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ማስገባት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል የሚያግዝ መምህር አይጠፋም። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ ለሜዳልያውም ለአስተርም የሚያያዝ፣ ሌላ ሰው የገመገመው ማስረጃ ይሆንላችኋል። የበጎ ሰው ሽልማትም ከሕዝብ ጥቆማ ይቀበላል፤ ያው ፋይል በአማርኛው ያገለግላል። በመጀመሪያው ዓመት ካላለፈ አትጣሉት፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ጨምራችሁ መልሳችሁ አስገቡ።