አጥንትና ቆዳ፦ የካራክተር ሪጊንግ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሪጊንግ ማለት የስሪዲ ገጸ ባሕሪ እንዲንቀሳቀስ ውስጡ አጥንት አስገብቶ ቆዳውን ከአጥንቱ ጋር ማሰር ነው። ጥያቄዎቹ ጅማ ውስጥ ስሪዲ አኒሜሽን ከሚሠሩና ከሚለማመዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። መልሱ ሁሉ ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ስለሆነ አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው እሱ ነውና። አጥንት ስንል ቦን፣ ቆዳ ስንል ሜሽ፣ ክብደት ስንል ዌይት፣ ማለትም አንድ አጥንት ቆዳውን የሚጎትትበት መጠን (ከ0 እስከ 1) ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ቆዳውን ከአጥንቱ ላስር ስል "ቦን ሂት ዌይቲንግ ፌይልድ" እያለ እምቢ ይለኛል። አጥንቶቹ ግን ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው።

መልስ፦ አጥንቱን ተወው፣ ቆዳውን ፈትሽ። አውቶማቲክ ዌይት እያንዳንዱን አጥንት እንደ ጋለ ብረት ይቆጥርና ሙቀቱ በቆዳው ላይ እንዴት እንደሚዳረስ ያሰላል። ተደራራቢ ነጥብ ወይም ውስጥ ውስጡን የተደበቀ ገጽ ካለ ስሌቱ መቋጫ ያጣል። ኤዲት ሞድ ግባ፣ ኤ (A) ተጭነህ ሁሉንም ምረጥ፣ ኤምን (M) ተጫንና "ባይ ዲስታንስ" በለው። ስንት ነጥብ እንዳስወገደ ከታች ይነግርሃል፤ 300 ወይም 400 ቢልህ አትደንግጥ። ቀጥሎ ከሴሌክት ማውጫ "ኦል ባይ ትሬይት" ውስጥ "ነን ማኒፎልድ" ምረጥ። አፍና ዓይን አካባቢ የሚያበራው ክፍት ጠርዝ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ብብት ወይም አንገት ውስጥ ካበራ ግን እዚያ የተረሳ ገጽ አለ፣ አጥፋው።

ከዚያ ወደ ኦብጀክት ሞድ ተመለስና ኮንትሮልና ኤ ተጭነህ ስኬሉን አጽና፤ ለቆዳውም ለአርማቸሩም (ለአጥንቶቹ ስብስብ)። መጀመሪያ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ሺፍት ይዘህ አርማቸሩን ምረጥ፣ ኮንትሮልና ፒ፣ "ዊዝ አውቶማቲክ ዌይትስ"። አሁንም እምቢ ካለህ ሰውየው በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ቁመቱ 17 ሳንቲም ከሆነ ሁለቱንም 10 እጥፍ አሳድገህ እሰር፣ ከዚያ አርማቸሩን ብቻ በ0.1 መልሰው፤ ቆዳው ልጁ ስለሆነ (ከሱ ሥር ስለታሰረ) ተከትሎት ይመጣል።

ጥያቄ፦ እስክስታ የምትጨፍር ልጅ እየሠራሁ ነው። ትከሻዋን ሳንቀጠቅጥ ክንዷም አብሮ ይወናጨፋል፣ ብብቷም ይጨማደዳል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሪግን እንደ እስክስታ የሚያጋልጥ የለም። ሦስት ነገር ተደራርቦብሻል።

አንደኛ፣ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ ክላቪክሉ፣ የት ይጀምራል? ብዙ ሰው ከጀርባ አጥንቱ መሃል ያስነሳዋል። መነሳት ያለበት ከደረቱ ፊት፣ ከጉሮሮ ጎድጓዳው አጠገብ ነው፤ ጫፉ ደግሞ ትከሻው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ከጀርባ ከተነሳ ትከሻው ከፍ ዝቅ በማለት ፈንታ እንደ በር ይዞራል።

ሁለተኛ፣ እጆቿ ወገቧ ላይ ከሆኑ ክንዱን አይኬ (ጫፉ ዒላማውን ሲከተል ሌሎቹ አጥንቶች ራሳቸው የሚታጠፉበት ስልት) አድርጊውና የእጁን ዒላማ የወገብ አጥንት ልጅ አድርጊው። ያኔ ትከሻው የፈለገውን ቢንቀጠቀጥ መዳፏ ወገቧ ላይ ይቆያል፣ ክርኗ ብቻ ትንሽ ይወዛወዛል። እውነተኛው ጭፈራም እንደዚያው ነው። እጅ ልቅ ሆኖ በሚንጠለጠልበት ጊዜ ደግሞ የላይኛው ክንድ አጥንት ላይ "ኢንሄሪት ሮቴሽን" የሚለውን ምልክት አንሺ፤ ክንዱ ከትከሻው ጋር ቦታ ይቀይራል እንጂ አብሮ አይሽከረከርም።

ሦስተኛው ክብደት ነው። የትከሻው አናት ለክላቪክሉ ወደ 1 ይጠጋ፣ አንገት ሥር ሲደርስ 0 ይሁን፣ መሃሉ ቀስ እያለ ይውረድ። ብብቱ ላይ ለክንድና ለደረት ግማሽ በግማሽ ስጪ። ከዚያ በኋላም ከተጨማደደ ብሩሹን አስቀምጪና የቆዳውን መስመሮች ቁጠሪ፤ በትከሻው ዙሪያ ቢያንስ ሦስት ቀለበት ከሌለ ክብደት ብቻውን አያድነውም። ክርንና ጉልበትም ሦስት ይፈልጋሉ።

እጇን ወደ ላይ ስታነሳም ክላቪክሉን አትርሺ። ሰው ክንዱን እስከ 180 ዲግሪ ሲያነሳ ወደ 60ው ገደማ የሚመጣው ከትከሻ ሳህኑ ነው። ሁሉንም ከክንድ አጥንቱ ካመጣሽው ትከሻው ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል።

መልስ፦ እግሩን ቀጥ አድርገህ ሠርተኸዋል። ቀጥ ያለ ሰንሰለት ወዴት እንደሚታጠፍ አይኬው አያውቅም። ኤዲት ሞድ ላይ ጉልበቱን 1 ወይም 2 ሳንቲም ወደ ፊት ግፋው። የሰንሰለቱን ርዝመት 2 አድርግ፤ 0 ከተውከው እስከ ወገብ ይጎትታል። ፖል ታርጌት (ጉልበቱ የሚያመለክትበት ዒላማ) ስትጨምር እግሩ ከተጠማዘዘ ፖል አንግሉን በ90፣ በ-90፣ በ180 ሞክር፤ አንዱ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ እጁ ሲዞር አንጓው እንደ ከረሜላ ወረቀት ይጠመዘዛል። መፍትሔው "ፕሪዘርቭ ቮሊዩም" ነው ሲሉኝ ነበር።

መልስ፦ ከፊል እውነት። እሱን ስታበራ አንጓው ይድናል፣ ክርንና ጉልበት ግን ሲታጠፉ ያብጣሉ። ወደ ጌም ኢንጂን ስታወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮህ አይሄድም። የሚሻለው የታችኛውን ክንድ ለሁለት መክፈል ነው፦ ወደ አንጓው ያለው ግማሽ የመዳፉን ዙር በ"ኮፒ ሮቴሽን" ይቅዳ፣ በዋይ ዘንግ ብቻ፣ በሎካል ስፔስ፣ በ0.5 ኃይል። ዙሩ ሁለት ቦታ ስለሚካፈል አንጓው አይቀጥንም።

ጥያቄ፦ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ስትራመድ ቀሚሱ ሱሪ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ክብደቱን ከገላዋ ስለቀዳሽ ነው። "ትራንስፈር ዌይትስ" ለእያንዳንዱ የጨርቅ ነጥብ ቅርብ የሆነውን ገላ ይፈልጋል። የቀሚሱ ግራ ግማሽ የግራ ጭኗን፣ ቀኙ የቀኟን ይወስዳል፤ እግር ሲከፈት ጨርቁም መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ቅጂው ለሸሚዝ ይሠራል፣ ለቀሚስ አይሠራም። ከወገብ በታች ያለውን አጥፊና 6 ወይም 8 የቀሚስ አጥንቶች ከወገብ ወደ ታች ዙሪያውን ትከይ። የፊቶቹ የጭኖቹን ዙር በግማሽ ኃይል ይቅዱ።

የነጠላውን ጫፍም እይው። ከእጇ ሥር የተንጠለጠለው ጥለት ከዳሌዋ አጠገብ ስላለ ክብደቱን ከዳሌ ይቀዳል፣ እጇን ስታነሳ ግማሹ ታች ይቀራል። ለእሱ 4 ወይም 5 አጥንት ያለው ሰንሰለት ስሪለት፣ መነሻውን ከደረት አጥንት ጋር እሰሪ። ከገላዋ በጨርቁ የተሸፈነውን ክፍል በ"ማስክ" ሞዲፋየር ደብቂው፤ ካሜራ ለማያየው ቆዳ መጨነቅ ትርፍ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ጀበናን ከረከቦት አንስታ ሲኒ ላይ ትቀዳለች። ስታነሳው ጀበናው ዘሎ ይሄዳል።

መልስ፦ ጀበና አይታጠፍም፣ ስለዚህ ክብደት አያስፈልገውም። "ቻይልድ ኦፍ" የሚባለውን እስር ስጠው፣ ዒላማው መዳፉ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት ትሁን። የዘለለው "ሴት ኢንቨርስ" በተሳሳተ ፍሬም ላይ ስለተጫንክ ነው። ጣቶቿ እጀታውን በያዙበት ፍሬም ላይ፣ 40 እንበል፣ ቆመህ ተጫነው። ኢንፍሉየንሱን (የእስሩን ኃይል) 39 ላይ 0፣ 40 ላይ 1 አድርገህ ኪ ፍሬም ያዝ፤ መሃሉን ኮንስታንት አድርገው፣ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንዴ እንዲቀየር።

መልሳ ስታስቀምጥ፣ 90 ላይ ይሁን፣ መጀመሪያ የጀበናውን ቦታና ዙር እዚያው ኪ ፍሬም ያዝ። ከዚያ 91 ላይ ሄደህ "ቪዥዋል ትራንስፎርም" አጽና፣ ኢንፍሉየንሱን 0 አድርገህ ሁለቱንም ያዝ። የ90ውን ኪ ከዘለልከው ከ40 ጀምሮ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። በርጩማም፣ ሲኒም፣ ማንኛውም ጠንካራ ዕቃ በዚሁ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ጉሬዛ ልሠራ ነው። የሰው ሪግ ላሻሽልለት?

መልስ፦ እጁ ላይ ተጠንቀቅ፦ ጉሬዛ ከአውራ ጣቱ የቀረው ጉጥ ብቻ ነው፤ አራት ጣት ይበቃሃል። ጅራቱን በ12 አጥንት ሠርተህ በ"ስፕላይን አይኬ" አራት መቆጣጠሪያ ስጠው። የጫፉን ነጭ ፀጉር ለመጨረሻዎቹ ሁለት አጥንቶች፣ ከጎኑ የሚንጠለጠለውን ነጭ ካባ ደግሞ ለየራሱ ሰንሰለት እሰር። ሲዘል የሚያምረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለስልክ ጌም ሳወጣው ቆዳው እየተቆራረጠ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ አንድ ነጥብ በስንት አጥንት ይጎተታል? ብዙ ጊዜ ገደቡ 4 ነው፤ አምስተኛው ሲቆረጥ ቅርጹ ይለወጣል። ሳታወጣው በፊት "ሊሚት ቶታል" በ4፣ ቀጥሎ "ኖርማላይዝ ኦል"። ድምሩ 1 መሆኑን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ አዲሱ ብሌንደር አይከፍትም።

መልስ፦ ብሌንደር 4.0 ኦፕንጂኤል የሚባለውን የግራፊክስ ሥርዓት 4.3 እትም ይጠይቃል፤ 2.93 በ3.3 ይሠራል፣ ለሪጊንግ ምንም አይጎድልህም። በቡድን ከሠራችሁ ግን ሁላችሁም አንድ እትም ያዙ፦ 4.0 የአጥንት ሌየርን አንስቶ በቦን ኮሌክሽን ስለተካው የአንዱ አመዳደብ ሌላው ጋ ሲከፈት ይበታተናል። መብራት ሲሄድ የሚጠፋውን ደግሞ ታውቃላችሁ፤ አውቶ ሴቩን ወደ 1 ደቂቃ አውርዱት።