ባዶውን ቦታ አትጣሉት

ውድ ልጆቼ፣

ስትጽፉልኝ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ብንማር ይሻላል ብላችሁ ነው። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየውና ዛሬ ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር ላውራችሁ፦ አንድን የጽሑፍ መስመር ቆራርጦ ስለ መክፈልና መልሶ አስተካክሎ ስለ ማተም። ሥራው ተራ ይመስላል። እኔን ግን ከየትኛውም የተወሳሰበ ስሌት ይልቅ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

በወጣትነቴ የምጽፈው ላሪ ዎል በ1987 ባወጣው ፐርል በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት የሰዎች መዝገብ ሰጠኝ፤ በየመስመሩ ዘጠኝ ዓምድ፣ ዓምዶቹን የሚለያየው ምልክት ታብ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ስልክና ኢሜይል። ሥራዬ የምዝገባ ቀንን አሥረኛ ዓምድ አድርጎ መጨመር ነበር። መስመርን በሚከፋፍለው ትእዛዝ በስፕሊት ቆረጥኩ፣ ቀኑን ከጫፉ ቀጠልኩ፣ ክፍሎችን በሚያገጣጥመው በጆይን መልሼ አያያዝኩ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች አየሁ፤ ልክ ናቸው። አስረከብኩ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ቁጥር መሆን በነበረበት ዓምድ ውስጥ ቀን ተገኘ። ያውም በሁሉም ሰው ላይ ሳይሆን እዚህም እዚያም።

የፐርል ስፕሊት ዝም ካሉት በመስመሩ መጨረሻ ያሉትን ባዶ ክፍሎች ጠርጎ ይጥላቸዋል። ስልክም ኢሜይልም የሌለው ሰው ዘጠኝ ሳይሆን ሰባት ክፍል ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ አሥረኛ መሆን የነበረበት ቀን ስምንተኛ ሆኖ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ለስፕሊት ከመለያውና ከመስመሩ ቀጥሎ በሦስተኛው ቦታ ላይ -1 መስጠት ብቻ ነው፤ ያኔ ባዶዎቹ ሁሉ ባሉበት ይቆያሉ። ይህ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቋንቋ ስጀምር መጀመሪያ የምመረምረው ባዶውን ቦታ ምን እንደሚያደርገው ነው። «ስልክ የለውም» ማለት ራሱ መረጃ ነውና። ፓይተን የተባለውን ቋንቋ ውሰዱ። ስፕሊትን ምንም ሳትሰጡት ብትጠሩት ስፔሱንም፣ ታቡንም፣ አዲስ መስመሩንም በአንድ ዓይን ያያል፤ ተከታታይ ቢሆኑም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። አንድ ስፔስ በጥቅስ አድርጋችሁ ብትሰጡት ግን እያንዳንዷን ስፔስ ለየብቻ ይቆጥራል፤ በሁለት ስፔስ የተራራቁ ሁለት ቃላት ሦስት ክፍል ይሆናሉ፣ መካከለኛው ባዶ። ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር ደግሞ በመጀመሪያው መንገድ ምንም ክፍል አይሰጥም፤ በሁለተኛው አንድ ባዶ ክፍል ይሰጣል። አሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን በ1977 የሠሩት ኦክ የተባለ ቋንቋም እንዲሁ ነው። መለያው ታብ መሆኑን ካልነገራችሁት ባዶ ዓምዶች ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ።

ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሚጥሏችሁ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። «ሰዓት:12:30» የሚለውን በመጀመሪያው ሁለት ነጥብ ብቻ መቁረጥ ብትፈልጉ ለፓይተን 1 ትሰጡታላችሁ፤ እሱ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደሚቆረጥ ነው። ለፐርል ግን 2 ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ስንት ቁራጭ እንደሚወጣ ነው። ደግሞ የፐርል ስፕሊት መለያውን እንደ ሬጌክስ (አንዳንድ ምልክቶች ልዩ ትርጉም እንደሚይዙበት የፍለጋ ንድፍ) ስለሚያነበው በቀጥታ መስመር (|) ልቁረጥ ስትሉ ከፊቱ የኋላ ስላሽ (\) ካላደረጋችሁ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ይበትንላችኋል።

ሲኤስቪን (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበትን የሰንጠረዥ ፋይል) በስፕሊት በኮማ አትቁረጡ። ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱም የሚቆርጥ አላጣም። የዚህን ፋይል አጻጻፍ የሚገልጸው፣ በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4180 የተባለ ሰነድ እንደሚለው በድርብ ጥቅስ በታጠረ ክፍል ውስጥ ኮማ ሊኖር ይችላል፤ አዲስ መስመር እንኳ ሊኖር ይችላል፤ ጥቅሱ ራሱ ሲያስፈልግ ተደግሞ ይጻፋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሞጁል ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ እሱን ተጠቀሙ። ከቆረጣችሁም በኋላ ሁሉን ወደ ቁጥር ለመቀየር አትቸኩሉ። በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥር አንዴ ቁጥር ከሆነ ዜሮው አይመለስም።

ስለ ማተም ብዙ አልልም። አስተካክሎ በሚያትመው ትእዛዝ በፕሪንትኤፍ ወርድ 10 ብላችሁ ስታዙ ትንሹን ወርድ እንጂ ትልቁን እንዳልወሰናችሁ እወቁ፤ 14 ፊደል ያለው ስም አይቆረጥም፣ ዓምዱን ገፍቶ ያልፋል። እንዲቆረጥ ከፈለጋችሁ ከቁጥሩ በፊት ነጥብ ጨምሩ። 2.675ን ከነጥቡ በኋላ በሁለት አሃዝ አትም ብትሉት ደግሞ 2.67 ብታገኙ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በሁለትዮሽ ሲያስቀምጥ በጥቂቱ አሳንሶታል።

በፊደላችን ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የጨመረው በ1999 በ3.0 እትሙ ነው፤ ፊደል በፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ሰላም» ለእኛ 3 ፊደል ሲሆን ባይት ለሚቆጥር ስክሪፕት 9 ነው። ፐርል ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተነገረው በወርድ 10 ሲያትመው ሰባት ስፔስ መጨመር ሲገባው አንድ ብቻ ይጨምራል፤ ሰንጠረዡ ይንጋደዳል። ፓይተን 3 በትክክል 3 ብሎ ይቆጥራል። ያም ሆኖ የፊደሎቻችን ስፋት በብዙ ፎንት እኩል ስላልሆነ በዓይን ሲታይ መንጋደዱ ላይቀር ይችላል፤ እኔ በዓይን የሚነበበውን ሰንጠረዥ ለድረ ገጽ መጻፊያው ለኤችቲኤምኤል ትቼዋለሁ። ሌላም አለ። በቃላት መካከል የምናደርገውን ሁለት ነጥብ (፡) ዩኒኮድ የሚመድበው ከሥርዓተ ነጥብ ጋር እንጂ ከባዶ ቦታ ጋር አይደለም። በዚያ መንገድ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ለፓይተን ስፕሊት ብትሰጡት ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ነው ብሎ ይመልስላችኋል። «፩»ም እንዲሁ፦ አሃዝ ነህ ወይ ብላችሁ በፓይተን ኢዝዲጂት ብትጠይቁት አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጠው ስትሉ ግን ስሕተት ይሆናል።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ማንኛውንም ነገር ከመጨመሬ በፊት ፋይሉን ቆርጬ በዚያው መለያ መልሼ እቀጥለዋለሁ፤ ከዋናው ጋር በሙሉ አስተያየዋለሁ። (በሲኤስቪ ጥቅሱ በሌላ መልክ ሊመለስ ስለሚችል፣ እዚያ ሁለቴ አንብቤ ክፍሎቹን ነው የማስተያየው።) አንድ መስመር እንኳ ከተለየ እዚያው ቆሜ ያንን መስመር አነባለሁ። ያንጊዜ ይህን ባደርግ ኖሮ ስክሪፕቴ ኢሜይል በሌለው በመጀመሪያው ሰው ላይ ይይዘኝ ነበር። ያየኋቸው ሃያ ሰዎች ግን ሁሉም ስልክም ኢሜይልም ነበራቸው።