ርክክቡን ሳትቆጥሪ አትፈርሚ

ጠያቂያችን በታሪክና ቅርስ አስተዳደር ተመርቃ ወራት ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። አሁን በአንዲት ትንሽ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስር ባለው ሙዚየም በባለሙያነት ተወዳድራ አልፋለች። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። አባቷ "ባንክ ጠብቂ" ይላሉ። ወንድሟ ከዱባይ "ቪዛ ልላክልሽ" ይላል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለከተማዋ በዓል ሙዚየሙን እንድታድስላቸው ይፈልጋሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ ቀለም፣ ትልቅ ቴሌቪዥንና የባህል ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች እንዲኖሩት። ማስተርሱንስ መቼ ልማር ትላለች። መሀል ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ "የድሮው መዝገብ ጠፍቷል አሉኝ፣ ቁልፉን ግን በሚቀጥለው ሳምንት እረከባለሁ፣ እሱ ቀላል ነገር ነው።"

እህቴ፣

መልስ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚያች መስመር ስል ነው። ስለ ባንኩና ስለ ዱባይ ብዙ ጽፈሻል፣ መዝገቡን ግን ቀላል ነገር ብለሽ አልፈሽዋል። ቀላል አይደለም። የሥራሽ ዋናው እሱ ነው።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እየሞላሁ፣ በጀት ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራ ላይ እያመሸሁ ነው ሙያ ያወቅሁት። እዚያ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። አዲስ ሰው ይመጣል፣ "ችግር የለውም፣ ሁሉም አለ" ይሉታል፣ አፍሮ ሳይቆጥር ይፈርማል። አስረካቢው ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ኦዲተር ይመጣና የጎደለው ሁሉ ፈራሚው ላይ ይወድቃል። ምንም ያልነካ ሰው ደመወዙ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ያ ደግሞ ስለ ወንበርና ስለ ጽሕፈት መኪና ነበር። አንቺ የምትረከቢው ብራናና መስቀል ነው፤ ጠፋ ቢባል ሌላ ተገዝቶ አይተካም።

ምናልባት ከንብረት ክፍል አንድ ወረቀት ይሰጡሽ ይሆናል። "ጋሻ፣ ብዛት 3። የብራና መጽሐፍ፣ ብዛት 6።" እንዲህ ያለ ወረቀት ለቅርስ አይሆንም። እስቲ አስቢው። ከሦስቱ ጋሻዎች አንዱ የብር ጌጥ ያለው ነው እንበል። አንድ ሰው እሱን ወስዶ ከገበያ የተገዛ ተራ ጋሻ ቢያስቀምጥ ብዛቱ አሁንም 3 ነው። ቆጠራው ልክ ይመጣል፣ ኦዲተሩም ፈርሞ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር የለም፣ ከተማዋ ግን ጋሻዋን አጥታለች።

ስለዚህ ቁልፉን ከመቀበልሽ በፊት ርክክቡ በኮሚቴ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቂ። ከንብረት ክፍል አንድ፣ ከኦዲት አንድ፣ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው ይኑር። ጡረታ የወጡት የድሮው ባለሙያ እዚያው ከተማ ይኖራሉ ብለሻል። እሳቸውን በምንም መንገድ አትለፊያቸው። መዝገቡ ቢጠፋም ግማሹ እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ቡና አፍልተሽ፣ ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ፊታቸው አቅርቢና "ይሄን ማን አመጣው? መቼ? በስጦታ ነው በግዢ?" ብለሽ ጠይቂ። እሳቸው ካለፉ በኋላ ይህን የሚነግርሽ አታገኚም።

አመዘጋገቡ ገንዘብ አይጠይቅም። ነጭ አንሶላ መስኮት አጠገብ አንጥፊ፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታው። ዕቃውን አስቀምጪ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጊ፣ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺው። ከዚያ ተጠግተሽ ስንጥቁን፣ የተጠገነበትን፣ የጎደለውን ጫፍ፣ የተጻፈበትን አንሺ። ዕቃውን ከሌላው የሚለየው እንከኑ ነው። ስሙን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቁመትና ስፋቱን፣ ከማን እንደመጣ፣ አሁን የት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ጻፊ። ቁጥር ስትሰጪ ማርከር አትንኪ፣ ፕላስተርም አትለጥፊ፤ ሙጫው ሲደርቅ ብራናውንም ቀለሙንም ይዞ ይነሳል። ወረቀት ላይ ጽፈሽ በጥጥ ክር እሰሪው። ልብስ ከሆነ ቁጥሩን ነጭ ጥጥ ጥብጣብ ላይ ጽፈሽ በላላ ስፌት ጥለፊው። መዝገቡ ገጹ የማይገነጠል፣ የታሰረ ይሁን። በኮምፒውተርም አስገቢው፣ አንዱን ቅጂ ግን ከሙዚየሙ ውጭ አኑሪ። ቤቱ ቢቃጠል መዝገቡ አብሮ እንዳይቃጠል።

ይህን የምልሽ ለኦዲት ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የከተማዋ ሙዚየም ተዘርፏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ጠፋ?" ነው። ኢንተርፖል የተሰረቁ ቅርሶች የመረጃ ቋት አለው፤ የሚያስገባው ግን በደንብ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችለውን ዕቃ ብቻ ነው። ፎቶ የለውም፣ ልኬት የለውም ማለት ገበያ ላይ ቢገኝም "የእኛ ነው" ማለት አይቻልም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ኦብጀክት አይዲ የሚባል ዓለም አቀፍ ቅጽ አለ፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ከላይ የዘረዘርኩልሽ አብዛኛው እሱ የሚጠይቀው ነው። አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ተመልሷል። እሱ ስም ያለው መስቀል ነው፣ ምእመኑም ጎብኚውም መልኩን ያውቀዋል። የአንቺ ሙዚየም ሳጥን ውስጥ ያለውን ትንሽ የነሐስ መስቀል ግን ማን ያውቀዋል? አንቺ ካልመዘገብሽው ማንም። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለዚህ ስትጠይቂ ውለታ የምትለምኚ አይምሰልሽ።

አሁን ወደ እድሳቱ። ኃላፊሽ ሙዚየሙ እንዲነቃቃ መፈለጋቸው ጥሩ ነው፣ ብዙ ኃላፊ ሙዚየም መኖሩንም አያስታውስም። ነገር ግን ጣራው ያፈሳል ብለሻል። ጣራው እያፈሰሰ ግድግዳ መቀባት ብር ማባከን ነው። ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የመጀመሪያው ጥያቄሽ ቆርቆሮና አሸንዳ ይሁን። ቴሌቪዥኑ ይቆይ። ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? መብራት ሲጠፋስ ጎብኚው ምን ያያል?

ለበዓሉ ሙሉ ሙዚየም አድሳለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። አንድ ክፍል በይ። ያቺን አንድ ክፍል ደግሞ ከመዝገቡ አውጪያት። ከየከተማው ሙዚየም ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን መሶብ፣ እንስራ፣ የሉሲ ፎቶና የባህል ልብስ ነው። ይህን ጎብኚው ሌላም ቦታ ያየዋል። የራሷን ታሪክ ግን የምትነግረው ያቺው ከተማ ብቻ ናት። ደሴን ውሰጂ። ኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉባት ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ሆስፒታልም ተመቷል። ያን ቀን ያዩ አያቶች የነበሯቸው ሰዎች ዛሬም ከተማው ውስጥ አሉ። ወይ ጅማን ተመልከቺ፤ ሙዚየሟ የአባ ጅፋር የግል ዕቃዎች አሉት። ሰው እዚያ ወንበር ለማየት አይሄድም፣ የአባ ጅፋርን ወንበር ለማየት ነው የሚሄደው። ባለቤቱ ሲታወቅ ዕቃው ይናገራል። የአንቺም ከተማ የመጀመሪያው ፎቶ ቤት፣ አሮጌው ትምህርት ቤት፣ የቅዳሜ ገበያው፣ ትልቁ እድር አላት። "የዚህ ፎቶ ባለቤት እገሌ ናቸው፣ ከእገሌ ሰፈር ነው የመጣው" የሚል አንድ ካርድ ከአሥር አሻንጉሊት ይበልጣል። እገሌ ራሳቸው፣ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ሊያዩት ይመጣሉ። ሲመጡ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም።

ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ የሠሩት ይህን ነው። ከተማቸውን እያንኳኩ ሰበሰቡ፣ በ1990 ዓ.ም ገደማ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፣ የተጎዱ የእጅ ጽሑፎችን የሚጠግኑበትን ሙያ ራሳቸው ተማሩ። በኋላ ክልሉ የራስ ተፈሪ መኖሪያ የነበረውን ቤት ሰጣቸው። ልብ በይ፣ ሕንፃው የመጣው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የመጣው የሰው እምነት ነው። ሰው አያቱ የተዉለትን መጽሐፍ የሚሰጥሽ ስትቀበይው ስሙን ጽፈሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ፣ ቅጂውን እጁ ላይ ስታስቀምጪለት ነው። ዕቃውን ለማሳያ ብቻ ቢያውስሽም ያው ነው፤ ውሉን ጻፊለት፣ የሚመለስበትን ቀን ጻፊ፣ በቀኑ መልሺ።

ዕቃ ቤቱ ትርምስምሱ ወጥቷል ላልሽው ደግሞ ኢክሮም የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ሪ-ኦርግ የሚባል መመሪያ አለው። አቅም ለሌላቸው ትንንሽ ሙዚየሞች ታስቦ የተሠራ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አውርጂና በእሱ ሂጂ።

አሁን ስለ ቤተሰብ። አባትሽ "በሬ ሸጬ ያስተማርኩሽ ድንጋይ እንድትጠብቂ ነው ወይ?" ብለዋል። ድካማቸውን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን ተሳስተዋል፣ አንቺም ተሳስተሻል። ባንኩ የሰጠሽ ነገር የለም። ፈተና ተፈትነሽ "እንደውልልሻለን" ተብለሻል፣ እስካሁን አልደወሉም። ያልተሰጠሽን ደመወዝ እጅሽ ላይ ካለው ደመወዝ ጋር እያነጻጸርሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። ከደወሉልሽ ያን ጊዜ ታስቢበታለሽ። እስከዚያ ቤት ተቀምጠሽ ከአባትሽ ኪስ ከመብላት ሠርቶ መብላት ይሻላል፣ ይህን ለአባትሽም በግልጽ ንገሪያቸው። የሙዚየሙ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ከጓደኛ ጋር ቤት ተከራዪ። ለታናናሾችሽ የምትልኪውን ልክ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ወስነሽ አሳውቂ፤ ሳይወሰን ከቀረ በየወሩ ስልክ በተደወለ ቁጥር ይጨምራል። ወንድምሽን ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ "የምን ሥራ ቪዛ?" የአሠሪውን ስምና ውሉን ማሳየት ካልቻለ የያዘልሽ ሥራ የለም ማለት ነው።

ለሙዚየሙ ሁለት ዓመት ስጪው። ሁለት ዓመት የምልሽ አንድ ስብስብ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዝግቦ ለመጨረስ የሚበቃ ስለሚመስለኝ ነው። ከዚያ በኋላ ሲቪሽ ላይ "በሙዚየም ሠርቻለሁ" ሳይሆን "መዝገብ ያልነበረውን የከተማ ሙዚየም ሙሉ ስብስብ መዝግቤያለሁ" ብለሽ ትጽፊያለሽ። ቅርስ ባለሥልጣኑ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየሞች እንዲህ የሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ሌላው ቢቀር ንብረትና ሰነድ ማስተዳደር የማይፈልግ ድርጅት የለም፤ እኔም እንጀራዬን የጀመርኩት በዚያው ነው።

ማስተርሱን መዝገቡን ስትጨርሺ ተማሪ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የሚሆን ነገር እጅሽ ላይ ይኖራል። ኃላፊሽ የሙያው ሰው አለመሆናቸው አያስጨንቅሽ፤ አጭር ጽሑፍ እየሰጠሽ አስረጂያቸው።

ርክክቡ ሰኞ ነው ብለሻል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ "በሙዚየሙ የሚገኙ ቅርሶች የተሟላ መዝገብ ስለሌላቸው፣ ርክክቡ በሚቋቋም ኮሚቴ ፊት እያንዳንዱ ቅርስ በፎቶ፣ በልኬትና በዝርዝር መግለጫ እየተመዘገበ እንዲከናወን፣ ምዝገባው እስኪጠናቀቅም ቁልፉ በኮሚቴው በጋራ እንዲያዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።" በሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ሌላኛው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርገሽ ቤትሽ አስቀምጪ።