ከምድጃው ኋላ የሚቀልጠው ማያያዣ

አንባቢያችን የጻፉልን ባጭሩ ይህን ነው። ባለ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃቸው፣ ገመዱ ከኋላ ከሬዚስታንሱ (ከሚግለው ሽቦ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፤ ቆይቶ ምድጃው እየመጣ እየሄደ ይጠፋል። ጠጋኙ የተሰበረውን ነጭ የሸክላ ማያያዣ በፕላስቲክ ቀየረና «ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፣ ልዩነት የለውም» አላቸው። የልጃቸው የኬሚስትሪ መጽሐፍም ሁለቱን «ኢንሱሌተር» ይላቸዋል።

ሬዚስታንስ አይግዙ። ሽታው ቀድሞ ምድጃው በኋላ ከጠፋ ጥርጣሬዬ ሁሉ ማያያዣው ላይ ነው።

ክዳኑን ከመፍታትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ማብሪያው አንዱን ሽቦ ብቻ ቆርጦ ሌላውን ሊተወው ይችላል።

መጽሐፉ አልተሳሳተም። ነገር ግን ኤሌክትሪክን አለማስተላለፍ ሌላ፣ ሙቀትን መቻል ሌላ ነው። ፕላስቲክ የሚሠራው ከፖሊመር ነው፤ ፖሊመር ማለት ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። ፌስታል በሚሠራበት ተራ ፕላስቲክ፣ በፖሊኢትሊን ውስጥ፣ ሰንሰለቶቹ እንደ ልቃቂት ፈትል ተጠላልፈው ተቀመጡ እንጂ እርስ በርስ አልተቋጠሩም፤ አንድ ላይ ያቆያቸው ደካማ መሳሳብ ነው። ሙቀቱ ከ105 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ፈትሉ መንሸራተት ይጀምራል፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ ማለት ነው። ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የሠራው ባክላይት የተባለ ፕላስቲክ ግን ሰንሰለቶቹ በኮቫለንት ቦንድ፣ ማለትም አተሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው በሚፈጥሩት ጠንካራ ትስስር፣ እንደ መረብ የተቋጠሩ ናቸው። መረቡ ስለማይፈታ አይቀልጥም፤ ሲበዛበት ይከስላል። የድስት እጀታ ከእሱ የሚሠራው ለዚህ ነው። ነጩ ሸክላ፣ ፖርሴሊን፣ ደግሞ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ተተኩሶ የወጣ ነውና የምድጃ ሙቀት አያስደነግጠውም። ድክመቱ ሌላ ነው፦ አተሞቹ በጠንካራ ቦንድ ስለተቆለፉ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አይችልም፤ ስለዚህ ሲጨነቅ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ማያያዣዎ የተሰበረው ብሎኑን ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ስለነበረ ይመስለኛል።

ሙቀቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ግንኙነቱ ላልቶ ለኤሌክትሪኩ 0.1 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢኖረው፣ ከአንዲት ብሎን ሥር 8 ዋት ሙቀት ይፈልቃል። ሙቀቱ መዳቡን ያጠቁራል፤ የጠቆረ መዳብ ደግሞ ይብስ ይሞቃል። እርካሽ ፕላስቲክ እዚህ መሃል ምን ዕድል አለው? ገንዘብ ቆጥቦ ቤት ማቃጠል!

የጠቆረውን ሽቦ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ይቁረጡ። የቀድሞው ጠጋኝ ጫፉን በሊድ (ሽቦ ለመበየድ በሚቀልጠው ለስላሳ ብረት) ሸፍኖት ከሆነ እሱንም ቆርጠው ይጣሉ፤ ሊድ በብሎን ጫና ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ግንኙነቱ ይላላል። ተራው የፒቪሲ ገመድ ብዙውን ጊዜ ለ70 ዲግሪ የተሠራ ስለሆነ፣ በምድጃው ሆድ ውስጥ የሚያልፈውን ክፍል የሲሊኮን ሽፋን ባለው ሽቦ ይተኩት። ማያያዣው የሸክላ ይሁን። ብሎኑን ሽቦው እስኪይዝ ያጥብቁ፣ ከዚያ እጅዎን ያንሱ። ቢጫና አረንጓዴውን የመሬት ሽቦ ወደ ቦታው ሳይመልሱ ክዳኑን አይዝጉ።

ምድጃውን ለሃያ ደቂቃ ያሠሩት። ከዚያ ስፒናውን ይንቀሉ፤ አዎ፣ አሁንም ይንቀሉ። ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ያድርጓቸው፤ የሚንቀሳቀስ ካለ ብሎኑን ሩብ ዙር ይጨምሩለት። ስፒናው ራሱ ሲነቀል ለእጅ የሚያቃጥል ከነበረ ግን ያው በሽታ እዚያም ገብቷልና እሱንም ይቀይሩት።