ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ብብቴ ውስጥ ከተገኘ አበቃልኝ ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በግራ ጡቴ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት ተገኝቶ፣ በመርፌ በተወሰደው ናሙና ካንሰር መሆኑ ተረጋግጧል። የብብቴ አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው ተብያለሁ። ሐኪሙ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቴን እንደሚያተርፍልኝና በኋላም ጨረር እንደምወስድ ነግሮኛል። በዚያው ሰዓት ከብብቴ ጥቂት የሊምፍ ዕጢዎች አውጥቶ እዚያው እንደሚያስመረምርም አስረድቶኛል። ይህ ምርመራ ምን ያህል ይታመናል? ጎረቤቴ «ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል» ስላለችኝ ቀጠሮዬን በአምስት ሳምንት አራዝሜዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ብብቴ ውስጥ ሽምብራ የምታክል ነገር ዳስሼ፣ ንፍፊት መስሎኝ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ጨረስኩ፤ አልጠፋችም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝ ስለ ምርመራው ትክክለኛነት ነው፤ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን እንቅልፍ የነሳዎት ሌላ ነገር መሆኑ ይገባኛል። «ከማደንዘዣው ስነቃ ብብትሽ ውስጥ ተገኝቷል ቢሉኝስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህ መልሴን ከዚያ ልጀምር፤ ብብት ውስጥ መገኘቱ አበቃ ማለት አይደለም። አራተኛ ደረጃ የምንለው ካንሰሩ እንደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ወዳሉ ሩቅ አካላት ሲደርስ ነው። የብብት የሊምፍ ዕጢዎች ግን የጡት የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። ካንሰር ቢገኝባቸው ሕክምናው ይጠነክራል እንጂ ግቡ አይለወጥም፤ ግቡ አሁንም ማዳን ነው።

በብብታችን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የሊምፍ ዕጢዎች አሉ። ቀድሞ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሁሉ እነዚህ ዕጢዎች በብዛት ይወጡላት ስለነበር ብዙ ሴቶች ክንዳቸው እያበጠና ትከሻቸው እየከበደ ይኖሩ ነበር። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ግን ከጡት የሚወጣው ፈሳሽ አስቀድሞ የሚደርስበትን ዕጢ ለይቶ መመርመር ተጀመረ። ይህ ዕጢ ሴንቲኔል ይባላል፤ እንደ በር ዘበኛ ያለ ነው። ዘበኛው ላይ ካንሰር ካልተገኘ ከኋላው ያሉትን መንካት አያስፈልግም።

አሠራሩን ላስረዳዎት። ቀዶ ሐኪሙ እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለ ሰማያዊ ቀለም፣ በአንዳንድ ቦታዎች ደግሞ አነስተኛ መጠን ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ በጡቱ ጫፍ አካባቢ ይወጋል፤ ከዚያም ጡቱን ለጥቂት ደቂቃ ያሻል። ብብቱ ሲከፈት በቢጫው ስብ መካከል እንደ ፈትል የቀጠነ ሰማያዊ መስመር ይታያል፤ ሐኪሙ እሱን ተከትሎ ሰማያዊ የሆነ፣ ባቄላ የሚያክል ዕጢ ላይ ይደርሳል። ዕጢው ፎርማሊን (ናሙና የሚቆይበት ፈሳሽ) ሳይነካው ወዲያው ናሙና ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍል ይሄዳል፤ በዚያም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሚቀዘቅዝ መሣሪያ ውስጥ እንደ በረዶ ጠጥሮ፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠኑ ቅጠሎች ተቆርጦና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፍሮዝን ሴክሽን የሚባለው ይህ ነው። ውጤቱን የሚነግረው ስልክ ከፓቶሎጂ ክፍል እስኪደወል ድረስ ያሉት 20 ወይም 30 ደቂቃዎች፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሚጠብቅ ሐኪም እንኳ ረጅም ናቸው። (በማግስቱ ሽንትዎ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢሆን አይደንግጡ፤ ቀለሙ ነው።)

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ በስልክ የሚመጣው መልስ «አለ» ከሆነ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እውነት ነው። «የለም» ከሆነ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ምክንያቱም በችኮላ የሚታዩት ጥቂት ቅጠሎች ናቸው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰች የካንሰር ክምችትም ልታመልጥ ትችላለች። የተረፈው ዕጢ በሰም ተደርጎ በዝርዝር የሚመረመር ሲሆን ውጤቱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። ያኔ መልሱ ቢለወጥ ሐኪሞቹ ዋሽተውኛል ብለው እንዳያዝኑ ከወዲሁ እነግርዎታለሁ። ከዚህም በላይ እንደ እርስዎ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር በሚወስዱ ሴቶች ላይ የተደረገና 891 ታካሚዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲኔል ዕጢ ካንሰር የተገኘባቸውን አነጻጽሯል። ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት፣ የቀሩት የብብት ዕጢዎች ካልወጡላቸው 86 ከመቶ፣ ከወጡላቸው ደግሞ 84 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ «ተገኝቷል» ማለት «ብብቱ ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል» ማለት አይደለም፤ በዚህም ምክንያት በርካታ ማዕከላት ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ፍሮዝን ሴክሽኑን ራሱን ትተውታል።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ፤ ይህን አባባል በየሳምንቱ ስለምሰማው ትንሽ ብቆይበት ይቅር ይበሉኝ። ካንሰር ብረት ስለነካው ወይም አየር ስላገኘው አይበተንም። የሚበተነው ጊዜ ስላገኘ ነው። አባባሉ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። አንዲት እናት እብጠቱ ሎሚ ሲያክል ደብቀውት ከርመው፣ ቆዳው ቆስሎ መሽተት ሲጀምር በልጆቻቸው ግፊት ወደ እኔ መጡ። በሽታው ያኔ ጉበታቸው ደርሶ ነበር፤ ቁስሉን ለማቃለል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና በአራተኛው ወር አረፉ። ለቅሶው ላይ የተወራው «ቢላዋ ባይነካቸው ኖሮ» የሚል ነበር። መንደሩ የሚቆጥረው ከቢላዋው ቀን ጀምሮ ነውና ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ዓመት ተኩል ማንም አላነሳውም። በጊዜ ታክመው ዛሬ ልጅ የሚድሩት ሴቶች ደግሞ ሕመማቸውን ለጎረቤት ስለማያወሩ ወሬው ሚዛን የለውም። በመርፌ ናሙና መውሰድም ቢሆን የታካሚን ዕድሜ አያሳጥርም። ቀለሙም ካንሰሩን ገፍቶ አይወስደውም፤ የሚሄደው ፈሳሹ ድሮም በሚሄድበት መንገድ ነው። ካንሰሩ ብብትዎ ውስጥ ከተገኘም አስቀድሞ እዚያ ስለነበረ ነው፤ ሐኪሙ ስለፈለገው አልሄደም።

ስለ አሞክሳሲሊኑ ግን ልለዝብ አልችልም። ካንሰር እንዳለብዎት እያወቁ፣ ከካንሰሩ ጋር በአንድ ወገን ባለው ብብት ውስጥ አዲስ ነገር ዳስሰው፣ ስልክ መደወል ሲገባዎት ፋርማሲ ሄዱ። መድኃኒቱን ያለ ማዘዣ የሸጠልዎት ሰው ጥፋት ቢኖርበትም የእርስዎ ይብሳል፤ ሐኪም እየተከታተለዎት ነበርና። ንፍፊት ሁሉ የኢንፌክሽን አይደለም። የማያመም፣ ጠጠር ያለና ከሁለት ሳምንት በኋላም ያልቀነሰ የብብት ዕጢ በማንኛዋም ሴት ላይ መታየት አለበት፤ በእርስዎ ላይ ግን ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም። በየቀኑ እየጫኑ መለካቱንም ይተዉት፤ ጉዳት ባያመጣም ያስጨንቅዎታል እንጂ ምንም አይነግርዎትም።

ይህች ሽምብራ ከመርፌው ናሙና በኋላ የቆጣች ተራ ዕጢ ልትሆን ትችላለች፤ ይህ ያጋጥማል። ካልሆነች ግን ዕቅዱ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። አልትራሳውንዱ ይደገማል፤ ከዕጢዋም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ካንሰር ከተገኘባት ምናልባት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ይቀድማል፣ ከዚያም የብብቱ ጉዳይ እንደ ገና ይታያል። ያኔ ስለ ፍሮዝን ሴክሽን የጠየቁኝ ጥያቄ ራሱ ሁለተኛ ይሆናል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለቀዶ ሐኪምዎ ይደውሉና መቼ እንደዳሰሷት፣ የትኛውን መድኃኒት ለስንት ቀን እንደወሰዱ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ያራዘሙትን ቀጠሮም በዚያው ስልክ ወደ ፊት ያስመልሱት።